የሳይንስ ተማሪው ደብተርና አንባቢው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ነገር ደብተር ነው። ስለ ቤተ ሙከራ መሣሪያ እጥረት፣ ስለ ኬሚካል ዋጋ ወይም ስለ መማሪያ መጻሕፍት ሥርጭት መነጋገር እየተቻለ፣ ይህን ያህል ተራ የሆነ ነገር ወደ ጉባኤ ማቅረብ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የተጠቀሱት ሁሉ አሳሳቢ ጉዳዮች መሆናቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ ደብተር አለ። ተማሪው በየቀኑ ይዞት ይመጣል፤ በየቀኑም ይጽፍበታል። በዓመቱ መጨረሻ ገልጠን ስናየው ግን የምናገኘው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የጻፍነውን የራሳችንን ቃል ነው፤ ከነቁጥሩ፣ ከነሥዕሉ፣ ከነመስመሩ። ልጁ ራሱ በዚያ ደብተር ውስጥ የለም።

ስለዚህ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። በሳይንስ ክፍል ውስጥ ተማሪው የሚጽፈው ለማን ነው? የጻፈውንስ ማን ያነበዋል? መልሱን በጠቅላላ ሐተታ ከመስጠት ይልቅ በአንድ ቀላል ሙከራ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሙከራው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ውኃ ይጥዳሉ፤ በየደቂቃው ቴርሞሜትር እያነበቡ በሰንጠረዥ ይመዘግባሉ፤ ውኃው ፈልቶ ቁጥሩ መጨመር ሲያቆም ያንን የመጨረሻ ቁጥር ይይዛሉ። መጽሐፉ ንጹሕ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የሚናገረው ግን ስለ ባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ከላይ የሚጫነው አየር በቀለለ መጠን የውኃው እንፋሎት እርሱን ገፍቶ ለመውጣት የሚያስፈልገው መጠነ ሙቀት ያንሳል። ስለዚህም በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እንግዲህ የሙከራውን ሪፖርት ሰብስበን ስናነብ ምን እናገኛለን? አብዛኛው «100» ይላል። ጥቂቱ «98» ወይም «99» ይላል፤ ይህንን የጻፈው ተማሪ ከሁሉም ይልቅ ብልጥ ነው፤ ትንሽ ጉድለት ሪፖርቱን እውነተኛ እንደሚያስመስለው ተረድቷልና። «92» ብሎ የጻፈ ከተገኘ ደግሞ ከጎኑ «ቴርሞሜትሩ ትክክል አይደለም» የሚል ይቅርታ መጠየቂያ አብሮ ይገኛል። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በዓይኑ ያየውን ቁጥር ትቶ በዓይኑ ያላየውን ጽፎ ወጣ ማለት ነው። ይህንንም ያደረገው በሳይንስ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ ሳይንስ ነው ብሎ ነው።

ልጁን ውሸታም ነው ማለት ግን አይገባም። ልጁ የጻፈው መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቅ አንባቢ ነው። መልሱን ለሚያውቅ ሰው ምን አዲስ ነገር ይነገረዋል? የሚነገረው ሊሰማ የሚፈልገው ብቻ ነው። የአስተማሪው ቀይ እስክሪብቶ «100» የሚለውን ቁጥር ፍለጋ እንደሚመጣ ተማሪው ስለሚያውቅ፣ የሚፈለገውን ነገር በሚታይ ቦታ ያስቀምጥለታል። ሪፖርቱ በዚህ ጊዜ ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ መሆኑ ቀርቶ ግብር የሚከፈልበት ደረሰኝ ይሆናል።

ጉዳቱ በዚያ ክፍል ብቻ ተወስኖ የሚቀር ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ይህ ተማሪ ነገ የጤና ጣቢያ መዝገብ የሚይዝ፣ የጉድጓድ ውኃ ጥራት የሚመረምር፣ የሰብል ምርት ግምት የሚያቀርብ ሰው ነው። የተለካው ሌላ፣ የሚጠበቀው ሌላ ሲሆን የሚጠበቀውን መጻፍን የተማረው ከእኛ ዘንድ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ያው ተማሪ፣ ያው ውኃ፣ ያው ቴርሞሜትር ይሁን። ሪፖርቱ ግን የሚላከው በድሬዳዋ ለሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ነው እንበል። የድሬዳዋ ልጆች በአዲስ አበባ ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አያውቁም፤ ሊያውቁም የሚችሉት ከዚህ ደብዳቤ ብቻ ነው። እነርሱም በበኩላቸው የራሳቸውን ይለካሉ። ከተማቸው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት የሚያገኙት ቁጥር 96 ያህል ይሆናል። ሁለቱ ደብዳቤዎች በመንገድ ላይ ሲተላለፉ አራት ዲግሪ ልዩነት ይዘው ነው። ከዚህ በኋላ አስተማሪው ስለ አየር ግፊት ለማስረዳት መድከም የለበትም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው «ለምን?» ብለው ይመጡበታል።

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚለው ጥርጣሬም መጥፋት የለበትም፤ መልካም ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን ይቅርታ መጠየቂያ ሆኖ ከመቅረት ይልቅ ወደ ሥራ ሊለወጥ ይገባዋል። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ መንከር ነው። የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ ስለማያሳይ፣ ዜሮ ካነበበ መሣሪያው በዚያ በኩል ደኅና ነው፤ ሁለት ዲግሪ ካሳየ ደግሞ ያንን መዝግቦ ማረም ይቻላል። በረዶ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የሰፈር ሱቅ ማቀዝቀዣ አለ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሰማዩ ራሱ ያወርደዋል። ለሩቅ አንባቢ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ማድረጉን በደብዳቤው ውስጥ መግለጽ ይኖርበታል፤ አለዚያ የድሬዳዋ ልጆች አያምኑትም። ለአስተማሪው ብቻ ሲጽፍ ግን ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገዋል?

ተማሪን ለሩቅ አንባቢ እንዲጽፍ ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዚህ ረገድ ስሙ መነሣት የሚገባው ሴሌስተን ፍሬኔ የተባለው የፈረንሳይ አገር አስተማሪ ነው። ፍሬኔ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ ክፉኛ ቆስሎ ስለ ነበር፣ በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሱር ሉ በምትባል የገጠር መንደር ማስተማር ሲጀምር ድምፁን ከፍ አድርጎ ለረጅም ሰዓት መናገር አይችልም ነበር። ብዙ መናገር የማይችል አስተማሪ ከእኛ ልማድ አንጻር ሲታይ ሥራውን መተው ነበረበት። እርሱ ግን ተማሪዎቹን ከክፍል እያወጣ መስኩን፣ ወንዙን፣ የሸማኔውንና የአናጺውን ሥራ ያሳያቸው ጀመር። ሲመለሱ ያዩትን ይጽፋሉ። በ1920ዎቹ ዓመታት አንዲት ትንሽ የእጅ ማተሚያ ገዝቶ ወደ ክፍሉ አስገባ፤ ልጆቹም ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ የጻፉትን ራሳቸው ያትሙ ነበር። የታተመው ገጽ በፈረንሳይ ሌላ ዳርቻ፣ በብሪታኒ ጠረፍ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት በፖስታ ይላካል። ከዚያም የዓሣ አጥማጆች ልጆች ስለ ባሕራቸው የጻፉት ይመጣል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያደንቁት ማተሚያውን ነው። እኔ ግን ከማተሚያው ይልቅ ፖስታው የበለጠ ሥራ የሠራ ይመስለኛል። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ ስለ ባሕር የሚጠይቀው ጥያቄ፣ በባሕር ዳር ያደገውን ልጅ ለዕለት ተዕለት ያየውን ነገር እንደገና እንዲያየው ያስገድደዋል። የወይራ ዛፍ በየት በኩል እንደሚያብብ የመንደሩ ልጅ ጠይቆ አያውቅም፤ የብሪታኒው ልጅ ሲጠይቀው ግን ወጥቶ መመልከት አለበት። አንባቢ ማለት እንዲህ ያለ ኃይል ያለው ነገር ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ ይህ ዘዴ ከፈረንሳይ ይልቅ ይስማማታል ብል ማጋነን አይሆንም። አገራችን ከባሕር ወለል በታች ከሚገኘው ከዳሎል ሜዳ ተነሥታ እስከ ራስ ዳሸን 4,500 ሜትር ገደማ ትወጣለች። በዳሎል ውኃ ከ100 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብሎ ይፈላል፤ በጋምቤላ ከ98 ብዙ አይርቅም፤ በባሕር ዳር 94፣ በደብረ ብርሃን 91 ገደማ ነው። በግምት ሦስት መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ እንቀንሳለን። በ19ኛው መቶ ዓመት ተጓዦች የተራራ ከፍታ የሚለኩበት አንዱ ዘዴም ይኸው ነበር፤ በተራራው ራስ ላይ ውኃ አፍልተው ቴርሞሜትር ያነቡ ነበር። በደጋ ያለች እናት ባቄላ ለመቀቀል ከቆላዋ ይልቅ ብዙ ማገዶ የምትፈጅበት አንዱ ምክንያትም ከዚሁ የመጣ ነው። ይህን ሁሉ የሚያህል ቤተ ሙከራ ተዘርግቶ ሳለ ልጆቻችን ሁሉ «100» ብለው ይጽፋሉ!

ምናልባት እውነተኛ ሳይንቲስት የሚጽፈው በሌላ መንገድ ነው፣ ለእርሱ አስፈላጊው የመጨረሻው ውጤት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። የማይክል ፋራዴይን መዝገብ ለዚህ ምስክር ማቅረብ ይቻላል። ፋራዴይ የመጽሐፍ ጠራዥ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ድሀ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች ለመስማት ዕድል ሲያገኝ የሰማውን ሁሉ በራሱ ቃል ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ ራሱ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ወደ ሳይንስ የገባው በጻፈው ደብተር ነው ማለት ይቻላል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የየዕለቱን ሙከራ መመዝገቡን አላቋረጠም፤ አንቀጾቹን በተራ ቁጥር እያስያዘ ሲሄድ የመጨረሻው ቁጥር 16,041 ደርሷል። ነሐሴ 1831 እ.ኤ.አ. ከመግነጢስ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚገኝበትን መንገድ የደረሰበት ቀን እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን እኛን ይበልጥ ሊያስተምረን የሚችለው ያልተሳካለት ነው። በ1849 የመሬት ስበትና ኤሌክትሪክ ዝምድና እንዳላቸው ለማወቅ ብዙ ሙከራ አደረገ፤ ምንም አላገኘም። ምንም አለማግኘቱን በጥንቃቄ ጻፈ፤ አሳተመም። የእኛ ተማሪ ይህን የመሰለ ሪፖርት ቢያቀርብ ስንት ከዐሥር እንሰጠው ነበር?

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ጉዳይ በመካከላችን ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። የዚህን ውሳኔ ጥቅምና ጉዳት እዚህ ላይ ልመዝን አልተነሣሁም። የምናገረው በክፍል ውስጥ ስለሚታየው ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያየውን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ስንጠይቀው የሚያውቃቸው ዐረፍተ ነገሮች ከመጽሐፉ የሸመደዳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያየውን አይጽፍም፤ መጻፍ የሚችለውን ይጽፋል። «ውኃው ከመፍላቱ በፊት ከድስቱ ግርጌ ጥቃቅን አረፋዎች ይወጡ ጀመር፤ ድምፁም ከፍ ብሎ ነበር፤ ሲፈላ ግን ድምፁ ረገብ አለ» የሚለውን በአማርኛ ሊነግረን የሚችል ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን «ውኃው ፈላ» ብሎ ያቆማል። እንግሊዝኛውን ሲሸሽ አስተውሎቱንም ይዞ ይሸሻል።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ማስታወሻ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ፤ አማርኛ ይሁን፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ። በእንግሊዝኛ መቅረብ ያለበት ከሆነ ከዚያ በኋላ ይመለስ። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ በሊቃውንቱ ቋንቋ በላቲን ሳይሆን በጣሊያንኛ ማቅረቡ፣ ሊያስረዳ የፈለገውን ሰው አስቦ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «በአማርኛ ቃል አይገኝም» ይላሉ። ቃል ያለበት ብዙ ነው፤ የሌለበትም አለ። ነገር ግን የቃል እጥረት ራሱ ትምህርት የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ ልብ ማለት ይገባል። በተራ ንግግራችን «ሙቀት» ስንል አንድ ጊዜ ቴርሞሜትር የሚያነበውን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከምድጃው ወደ ውኃው የሚገባውን ማለታችን ነው። ታዲያ ውኃው መፍላት ከጀመረ በኋላ እሳቱ እየነደደ ቁጥሩ ለምን አይጨምርም? ይህን ለድሬዳዋ አንባቢ ለማስረዳት የተነሣ ተማሪ «ሙቀት እየገባ ሙቀት አይጨምርም» ብሎ ይጽፍና ይደነግጣል። ያን ጊዜ «ሙቀት»ና «መጠነ ሙቀት» የሚባሉ ሁለት ነገሮች እንዳሉ፣ እሳቱም ውኃውን እንፋሎት በማድረግ ላይ እንደ ዋለ ለመረዳት ጊዜው ደርሷል። ቀመሩን ከሰሌዳ የገለበጠ ልጅ ግን ይህ ድንጋጤ አይደርስበትም። «ክብደት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ብዙ ያስተምራል፤ ጊዜ ስለማይበቃ አልፈዋለሁ።

ለአስተማሪውስ ምን ይጠቅመዋል ለሚለው አንድ የሥነ ሕይወት ምሳሌ ልጨምር። የብርሃን አስተፃምሮን ቀመር ያለ ስሕተት የጻፉ ተማሪዎችን፣ «ለአንድ ገበሬ ዘመዳችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ የሚገኘው ያ ሁሉ እንጨት ከየት እንደ መጣ አስረዱት» ብላችሁ እዘዟቸው። ብዙዎቹ «ከአፈር» ብለው ይጽፋሉ። ቀመሩ የሚለው ግን ከአየር በሚገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውኃ ነው። ቀመሩና እምነቱ በአንድ ልጅ ራስ ውስጥ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የቀመር ፈተና ብቻ የሚሰጥ አስተማሪም ይህንን ሳያውቀው ዓመቱ ያልቃል። ስሕተቱ የሚያሳፍር አይደለም። ቫን ሄልሞንት የተባለው ሊቅ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ላይ ተክሎ ለአምስት ዓመት ውኃ ብቻ እያጠጣ ካሳደገ በኋላ፣ ዛፉ እጅግ ሲከብድ አፈሩ ግን ከቁጥር የማይገባ ያህል ብቻ እንደ ጎደለ አግኝቷል። እርሱም ቢሆን እንጨቱ የመጣው ከውኃ ብቻ ነው ብሎ አየሩን ረስቶታል። የሥራው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1648 ስለ ታተመ ግን በኋላ የመጡት ሊያርሙት ቻሉ።

አይቶ መጻፍ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ከአገራችን ከዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ የተሻለ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። እንዶድን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በወንዙም ዳር ብዙ ሰው ይመላለስ ነበር። ያንን ቆም ብሎ አይቶ፣ መዝግቦ፣ ደጋግሞ ፈትኖ ለዓለም ያቀረበው ግን እርሱ ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብሏል። በየትምህርት ቤታችን አጠገብ ወንዝ ወይም ምንጭ አለ። ተማሪው ከዚያ ያየውን አንድ ገጽ ጽፎ እንዲያመጣ የጠየቅንበት ጊዜ ስንት ነው?

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ፤ በዚህ በኩል የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ትክክለኛም ነው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ ለአንድ አስተማሪ አምስት ክፍል ቢሰጥ 300 ተማሪ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ደቂቃ ቢመደብ ዐሥር ሰዓት ነው። ይህን በየሳምንቱ አድርጉ የሚል ሰው አስተምሮ የማያውቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አስተማሪው የመጀመሪያው አንባቢ መሆን የለበትም። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይነበቡ፤ አንባቢውም ከገጹ ግርጌ አንድ ጥያቄ ጽፎ ይፈርም። «ጎበዝ፣ በርታ» ጥያቄ አይደለም፤ መቀበልም አይገባም። «ውኃው ስንት ነበር? ቴርሞሜትሩ የድስቱን ግርጌ ነክቶ ነበር ወይስ አልነካም?» የሚለው ጥያቄ ነው። አስተማሪው በሳምንት ከእያንዳንዱ ክፍል ዐሥር ገጽ ቢያነብ ሥራው ከሁለት ሰዓት በታች ይሆናል፤ በስድስት ሳምንትም ሁሉንም ያዳርሳል።

ከዚያ የተመረጡት በግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይለጠፉ፤ ሚኒ ሚዲያ ባለበት ትምህርት ቤት በሰልፍ ሰዓት ይነበቡ፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይላኩ። በፍሬኔ ዘመን ለዚህ ማተሚያና ፖስታ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ስልክ ባለበት ገጹን ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ይበቃል፤ ስልክ በሌለበት ደግሞ አውቶቡስ አለ።

ሁለት ነገር ግን ማስጠንቀቅ እወዳለሁ። አንደኛው የማርክ ጉዳይ ነው። «ትክክለኛ» ውጤት ላገኘ ማርክ የምንሰጥ ከሆነ በግድግዳ ብንለጥፈውም፣ በሬዲዮ ብናሰማውም ተመልሰን «100» ላይ እንወድቃለን። ማርክ መሰጠት ካለበት «ይህን ገጽ አንብቦ ሌላ ሰው ሙከራውን መድገም ይችላልን?» በሚለው ሚዛን ይሁን። ሁለተኛው ስሕተት ስለ ያዘ ጽሑፍ ነው። አንዳንዶች ስሕተት ያለበት ገጽ ከግድግዳ መነሣት አለበት ይላሉ፤ ለሌሎች ያስተላልፋል ብለው ይፈራሉ። እኔ ከእነዚህ ጋር አልስማማም። ገጹ ባለበት ይቆይ፤ መልሱ ከሥሩ ይለጠፍ። ሰው ሲያስብ፣ ሲታረምና እንደገና ሲያስብ የሚታይበት ቦታ ለተማሪ ከየትም አያገኘውም። የልጁ ስም ግን ፈቃዱ ካልሆነ አይውጣ፤ በዚህ ላይ ቸል ማለት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይጽፍም።

የፈተናውም ነገር ሊነሣ ይችላል። «እኛ የምናስፈትነው ለ12ኛ ክፍል ነው፤ ደብዳቤ ለመጻጻፍ ጊዜ የለንም» ይባላል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ከሰሌዳ መገልበጥ ነው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን የመገልበጡ መንገድ ቢያንስ ለፈተና ያበቃናል ብሎ መሟገት ከእንግዲህ ከባድ ነው።

በዚህ ዘመን ደግሞ ሪፖርት የሚጽፍ መሣሪያ በተማሪው ኪስ ውስጥ መግባቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መሣሪያውን ስለ ውኃ መፍላት ቢጠይቁት ከእኛ ይልቅ ያማረ ሐተታ ይሰጣል። በዚህ ሐሙስ በዚህ ክፍል የሦስተኛው ቡድን ቴርሞሜትር ስንት እንዳነበበ ግን አያውቅም። ይህን ሊነግረን የሚችለው እዚያ የነበረው ልጅ ብቻ ነው።

ስለሆነም ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ፈቃደኛ የሆኑ የማኅበራችን አባላት እያንዳንዳቸው በአንድ ክፍል ይህን የውኃ ሙከራ ያሠሩ። ውኃው የዝናብ ወይም የተጣራ ቢሆን ይመረጣል። ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶ አስቀድሞ ይፈተን፤ የዕቃውን ግርጌ እንዳይነካ ይንጠልጠል፤ ቁጥሩ ሳይለወጥ ለአምስት ደቂቃ እስኪቆይ ይጠበቅ። ቡድኖቹ ያገኙት ሁሉ፣ የተራራቀውም ጭምር፣ አማካይ ሳይወጣለት እንዳለ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ደብዳቤ፣ በመረጡት ቋንቋ፣ በከፍታ ከ500 ሜትር ያላነሰ ልዩነት ወዳለው ሌላ ትምህርት ቤት ይላክ፤ ግልባጩም ለማኅበሩ ይድረስ። የአካባቢያቸውን ከፍታ አስቀድመን አንንገራቸው፤ ከደብዳቤዎቹ ራሳቸው ያስሉት።